ካባ የሌለው ቫይረስ

የዓይን ክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍሉ የገቡት ዋና ነርሷን ከኋላ አስከትለው ነው፤ ከሳሽ ተከሳሹን ይዞ ችሎት እንደሚገባ። በአንድ ወር ውስጥ ለምርመራ መጥተው፣ ከቀናት በኋላ ዓይናቸው ቀልቶና አብጦ የተመለሱ ታካሚዎች አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ዶክተሩ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሩቅ አልሄዱም። ዓይን የሚነካውን የግፊት መለኪያ ጫፍ የምትጠርገው ነርሷ ናት፤ እንግዲህ ሳትጠርግ ቀርታለች ማለት ነው።

ነርሷ አንድም ቀን አላጓደለችም። ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ፣ በአልኮል። የጣቶቿ ቆዳ እስኪሰነጣጠቅ። ይህን ብትነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

ማይክሮስኮፑ ፊት የተቀመጠችው የላቦራቶሪ ባለሙያ የነርሷ ታናሽ እህት ናት፤ ዶክተሩ ግን ይህን አያውቁም። እናታቸው ስትሞት ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ነርሷ ናት ፀጉሯን እየጎነጎነች ማባዛት ያስጠናቻት። ዛሬ ግን ሁለቱም እንደ ባዳ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው ሰላምታ ተሰጣጡ።

ልጅቷ ከታካሚዎቹ ዓይን የተወሰደውን ናሙና በሕያው ሕዋስ ላይ አሳድጋው ነበር። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ በሕዋሱ መሣሪያ ቅጂውን ያሠራል። አሁን ያ ሁሉ ቅጂ በማይክሮስኮፑ ጥቃቅን ወንፊት ላይ ተበትኗል። ምስሉን አቀረበችው። ድብልብል የመሰለው ነገር ማዕዘን አወጣ፤ የተስተካከለ፣ ሃያ ገጽ ያለው።

«አዴኖ የሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ነው» አለች።

ዶክተሩ ቫይረስ ከሆነማ አልኮል ይገድለው ነበር፣ ይኸው አለመጠረጉ ተረጋገጠ አሉ።

«አልኮል በቀላሉ የሚገድለው ካባ ያለውን ነው፣ ዶክተር። የኢንፍሉዌንዛው ከላይ የስብ ካባ ለብሷል፤ አልኮል ስቡን ሲያሟሟው ይፈርሳል። ይሄ ካባ የለውም፤ ያለው የፕሮቲን ቅርፊት ነው። መቶ ጊዜ ቢጠርጉትም ላይሞት ይችላል። ጥፋቱ የጠራጊዋ ሳይሆን የጽዳት መመሪያው ነው።»

መመሪያውን የፈረሙት ዶክተሩ ናቸው። ነርሷ ስለ እህቷ ሰጋች። ይቺ ልጅ ሥራ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ በአንድ ቃል ከሥራ ሊያስወጧት ይችላሉ። በዓይኗ ልትቆጣት ሞከረች። ልጅቷ ግን ወደሷ አላየችም፤ ዶክተሩን እያየች፣ ድምጿን ሳታነሳ መልስ ትጠብቃለች።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ ምስሉ ጎንበስ አሉ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ መለሰች። ሌላ፣ ከበድ ያለ ጠየቁ። እሱንም። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና እስክሪብቶ አወጡ። ታዲያ ምን እናድርግ አሏት። በውሃ በተበጠበጠ በረኪና አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፤ እሷ ትላለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

ሲነሱ ነርሷ ፊት ቆሙና፣ ሰው ባለበት ነው የወቀስኩሽ፣ ይቅርታውንም ሰው ባለበት እጠይቅሻለሁ አሉ። እውነትም በማግስቱ ጠዋት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ጠየቋት። ያን ዕለት ግን በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ነርሷ እህቴ ልትል አፏን ከፈተች።

«የኔ» አለች።

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቀጣዩን ናሙና እያስገባች ነው። ከጎን የሚታየው ጉንጯ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ በሳቅ ተነሳ።