የቅሬው ዳኛ የሞሉት ፎርም

በመካነ ሰላም ከተማ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ህንዳዊው የውሃ ፓምፕ መካኒክ ደነገጠ። ፎርሙን በአማርኛ የሞሉለት አብረውት የመጡት የቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ዳኛ አቶ አራጌ ነበሩ። አካባቢውን ድርቅ በመታው ጊዜ መካኒኩ ፓምፑን ጠግኖ ሲያበቃ አካፋ ይዞ ከቅሬው ሰዎች ጋር መቃብር ይቆፍር ነበር።

“አባቴ፣ ‘ለስንት ጊዜ ይቆያል’ በሚለው ላይ ‘እስክንቀብረው ድረስ’ ብለው ጻፉ?” አለ ጸሐፊው።

“ታዲያ ምን ልጻፍ? የቅሬያችን ሰው አይደለም እንዴ? ሌላ ማን ይቀብረዋል?” አሉ አቶ አራጌ ቆጣ ብለው።

ጸሐፊው ሳቁን አፍኖ ወደ መካኒኩ ዞረ። “ስንት ዓመት ብዬ ላስተካክለው?”

መካኒኩ አካፋ ያሻከረውን መዳፉን አየ። ለአቶ አራጌ እንዲጽፉለት የነገራቸው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። እስክሪብቶውን አነሳና ክዳኑን ገጥሞ ለጸሐፊው መለሰለት።

“ተወው፤ እሳቸው እንዳሉት ይሁን።”