ወጪና ኪሳራ

ሰውየው ከጎረቤቱ ከእትዬ ዘርፌ ጋር በአጥር ድንበር ተካሶ በይግባኝ ረታቸው። ፍርዱ ግን «ወጪና ኪሳራ የየራሳቸውን ይቻሉ» ስለሚል፣ እሳቸው ይክፈሉኝ፣ ትእዛዙ ይሻሻልልኝ ብሎ ዳኛው ፊት ቆመ።

«ምን አወጡ?» አሉት ዳኛው።

«የመኪና፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «ከወረዳ ድረስ ስመላለስ ኪሴ ተራቆተ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፉ። «ተመላልሷል፣ ጌታዬ። ባንድ መኪና ነው የምንመጣው። ልጅ አሳዳጊ ነው፤ ይከፈለው።»

ትእዛዙ ተሻሻለ።

ሲመለሱም እንደ ልማዳቸው ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ሰውየው ፈጠን ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ረዳቱ ግን እሱን አልፎ ለእትዬ ዘርፌ እጁን ዘረጋ።

«እንደ ወትሮው የሁለት ሰው ነው አይደል፣ እማማ?»