የሁለቱም ወላጆች ፊርማ

በጦርነት ለሞቱ መኮንኖች ቤተሰቦች ካሳ በሚከፈልበት ቢሮ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠውን ጸሐፊ ባልደረቦቹ «ሙጭጭ» ይሉታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱ ሞኝ ባይሆንም ወረቀት ይዟል።

የአንድ መቶ አለቃ አባት ለአራተኛ ጊዜ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቅጹን የሞሉበት የእጅ ጽሑፍ ልቅም ያለ ነው። የጎደለው የእናትየው ፊርማ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ደንቡ ሁለቱም ወላጆች ጸሐፊ ፊት ይፈርሙ ነው የሚለው።»

«አሟታል አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እኔ ቤት ድረስ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «የለም፣ የለም! ቤት እንዳትመጣብኝ!»

«እስከ ሐሙስ ካልተፈረመ መዝገቡ ይዘጋል።»

«ኧረ በሕግ! አከራያችን እስከ ዛሬ የታገሠን ይህንኑ ካሳ ብሎ ነው። ከቀረ ሜዳ ላይ ነን።»

«ያምጧቸዋ!»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ሙጭጭ ነገሩ አልጣመውም። የእናትን ድርሻ ብቻቸውን ሊውጡ ነው፣ አለ በሆዱ። እናቱን የሚወድ ሰው ነውና ደሙ ፈላ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጹን በብብቱ ሸጉጦ ሄደ። ሽማግሌው ከቤት ወጥተው ወደ ፖስታ ቤት ሲያዘግሙ ጥግ ይዞ አሳለፋቸው፤ ከዚያ በሩን አንኳኳ።

የከፈቱለት እናት እጅጌያቸውን ሰብስበው ልብስ እያጠቡ ነበር። በሽታ የሚባል ነገር በአጠገባቸው ያለፈ አይመስልም።

«ከልጅዎ መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት» አለ።

«ግባ፣ ግባ! ልጄማ ደህና ነው» አሉ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። «በየወሩ ይጽፍልኛል። ይኸው ያለፈው ሳምንት!»

ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ተከምሯል። ሙጭጭ የላይኛውን አነሳ። ቀኑ ትክክል ነው፤ ጽሑፉም ጥርት ያለ ነው። በመዝገቡ ግን መቶ አለቃው ከሞተ ስምንት ወር አልፎታል። ለካ ነገሩ ከድርሻ የባሰ ኖሯል! ልጁ የሆነ ቦታ ተደብቋል፤ አባት ደግሞ በቁሙ ካሳ ሊበሉበት ነው።

«እማማ» አለ፣ «ልጅዎ በሕይወት ካለ ባለቤትዎ ዛሬውኑ ይታሰራሉ። ወንጀል ነው!»

እናትየው ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ መስኮቱ ሄደው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። በሩን ዘጉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው ቅጹን ከብብቱ ሳቡት።

«እስክሪብቶህን አምጣ፣ ሳይመለስ ልፈርምልህ፤ ማወቄን ግን አደራ እንዳትነግረው፣ ደብዳቤ መጻፉን ከተወ ሽማግሌዬም ይሞትብኛል።»