የሱሺው ቅዳሜ እንግዳ

ለአቶ ባሕሩ ቤተሰብ ቅዳሜ ቀትር ማለት ሱሺ፣ የጃፓኖቹ የሩዝና የጥሬ ዓሣ ጉርሻ ነው። አውሮራ ከተማ ውስጥ ሳህኖች በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ እየዞሩ የሚመጡበት አንድ ርካሽ ምግብ ቤት አለ። ቢጫው ሳህን ይነሣል፤ ውዱ ቀይ ሳህን ግን በዓይን ብቻ ይሸኛል። ሕጉን ያወጣችው ልጃቸው አቢጊያ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሻረችውም።

ዛሬ ግን እንግዳ ጋብዛ ፊት ለፊታቸው አስቀመጠች።

«አባባ፣ ወይዘሮ ከበቡሽ ይባላሉ፤ የቸርቻችን ሰው ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሊትልተን ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ።»

መጦሪያ! አቶ ባሕሩ ሊጎርሱ ያነሡትን ሩዝ ሳህኑ ላይ መለሱት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት በአቢጊያ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከምድር በታች ባለች ክፍል ነው። ለካ ክፍሏ ተፈልጋ እሳቸው መጦሪያ ሊገቡ ነው። ጠዋት አማቻቸው ናቲ ጢማቸውን የላጨላቸው፣ ሱፍ ያስለበሳቸው ለዚህ ነው። ገበያ የሚወጣ በግም እንዲሁ ይታጠባል።

አቢጊያ ቀይ ሳህን አንሥታ ፊታቸው አኖረች።

«ቀዩን?» አሉ ደንግጠው።

«ዛሬ ይፈቀዳል።»

የስንብት ምሳ መሆኑ ገባቸው። እንዲህ በቀላሉ ግን አይሸኙም።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» ጠየቁ ወይዘሮ ከበቡሽ።

«ጋደም ካልኩ እስኪነጋ አልነቃም።»

«ያንኮራፋሉ?»

«እኔ? በሕይወቴ!»

ናቲ ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ ፎቅ ድረስ እኮ ይሰማል!»

«አንተ ዓሣህን ብላ!»

«ምግብስ ማን ይሠራልዎታል?»

«ራሴ። ልብሴንም ራሴ አጥባለሁ» አሉ፣ እንቁላል ለመቀቀል አቢጊያን ከሥራ ቦታ የሚጠሩት ሰው። አቢጊያ በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጠቻቸው። ገበያው ሲበላሽባት ነው፣ አሉ በልባቸው፤ ጨመሩበት።

«ብቸኝነት አይከብድም?» የሴትየዋ ድምፅ ለስለስ አለ።

የመጦሪያ ሰዎች ሲያግባቡ እንዲህ ነው የሚለሰልሱት፣ አሉ በልባቸው። «ብቸኝነት ደስታዬ ነው። የሚያሳምመኝ ሰው ሲበዛብኝ ነው።»

ጥንካሬያቸውን ለማሳየትም ከሚጥሚጣ የባሰውን አረንጓዴ ዋሳቢ በማንኪያ ዛቅ አድርገው ዋጡት። ዓይናቸው ቀላ። እንባቸው በሱፋቸው ላይ ወረደ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ!» አለች አቢጊያ።

«ጤና... ነው።»

ወይዘሮ ከበቡሽ መሀረባቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ዘረጉላቸው።

«የራሴን እንባ ራሴ እጠርጋለሁ» አሉ አቶ ባሕሩ፤ በከረባታቸውም ጠረጉት።

ሴትየዋ መሀረቡን አጣጥፈው መለሱ። ቦርሳቸውንም አንሥተው ቆሙ። አቶ ባሕሩ ደረታቸውን ነፉ። ክፍላቸው ተረፈች!

«አቢጊያዬ፣» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ፣ «ስለ ምሳው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባትሽ ግን ሚስት አያስፈልጋቸውም።»