የማያልቀው ሰርግ

ባልየው የሚተዳደረው በሰው ሰርግ ነው። ካሜራማኖች ቀርጸው ያመጡለታል፤ እሱ ሳሎኑ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙዚቃ ያለብሳል። ሰርግ ቤት ግን ድርሽ አይልም። ጫጫታ አይወድም።

ሚስትየው በዚህ ሥራ ቀንታ አታውቅም። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ይቺኛዋ ግን አልሄድ አለች።

"የማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ነው" ይላል እሱ፣ የሙሽራዋ ፊልም ለምን እንዳላለቀ ስትጠይቀው። ተቀናብሮ ያለቀውን ሊያወጣው ሲል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ድርቅ ይልና ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል።

"እንግዲያው ያንን ቦታ ቁረጠውና ተገላገል" አለችው።

"አይቆረጥም።"

"ለምን?"

"አይቆረጥማ!"

እሷ ስትገባ ስክሪኑን ያጠፋል። አንድ ቀን ሳያጠፋ ደረሰችበት። ሙሽራዋ መናፈሻ ውስጥ ቆማ ትስቃለች። ሚስትየው ከጥርሷ ሌላ ምንም አላየችም። ቅናት እንዲህ አንጀት እንደሚያሳርር ሰው ቢነግራት አታምንም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ይገለጥላት ጀመር። ባሏ ምግቡን ነካክቶ ይተወዋል። ስታወራው "እ?" ይላል። አልጋውን ትቶ ሶፋ ላይ መተኛት አመጣ፤ ሲጠየቅ "ወገቤን" ነው መልሱ። የወገብ በሽተኛ ሶፋ ሲመርጥ እሷ አይታ አታውቅም።

ይባስ ብሎ ከቤት ሊያስወጣት ይፈልጋል።

"ዛሬ አክስትሽ ጋ አትሄጂም?" አላት አንድ እሑድ። አክስቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ እሑድ እሑድ እየሄደች ታስታምማቸው ነበር።

"ተሽሏቸዋል። ምነው፣ ልሂድልህ?"

"ኧረ እኔ ምን አገባኝ። ያ ቢጫ ሻርፕሽስ?"

"እሳቸው ጋ ረስቼዋለሁ አላልኩህም?"

"ብለሽኛል" አለና ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

ሻርፑን የገዛላት እሱ ነው። ሌላ ሴት ያማረው ወንድ የሰጠውን ዕቃ መቁጠር ይጀምራል ብላ ደመደመች።

በማግስቱ ባሏ ሲወጣ ጠብቃ ጎረቤት ያሉትን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። ጋሼ ነው የምትላቸው።

"ጋሼ፣ ይሄን ሰርግ ዛሬ ይጨርሱልኝ። ራሴ ወስጄ ለባለቤቶቹ ካላስረከብኩት ትዳሬ ማለቁ ነው" አለቻቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ፊልሙን ለሁለት ከፈሉት። የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ችግር ወጣ። ሁለተኛው መሃል ላይ ተዘጋ። እሱንም ለሁለት ከፈሉት። እንዲህ እያሉ ሲሸነሽኑት በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ቀረች፤ የመናፈሻዋ።

"ያዝኳት!" አሉ። "ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነ፣ የኔ ልጅ። ባልሽ ይቺን ቁራጭ አጉልቷታል። ያጎላትን አጥርቷል፣ ያጠራትን ደግሞ አጉልቷል። በላይ በላዩ ሲደራርብበት ሜሞሪው አልችል ብሎ ነው የሚዘጋው።"

"ብዬ ነበር! ፊቷን ነዋ!" እንባዋ ግጥም አለ። "ወንድ አይታመንም፣ ጋሼ!"

ጋሼ በሰው ትዳር ጥልቅ ማለት አይወዱም። "የተደራረበውን አንድ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይዘጋም" ብለው ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ።

ብቻዋን ቀረች። ሙሽራዋን ዓይን ለዓይን ልትገጥማት ወንበሩን ሳበችና ቁራጯን ከፈተች። ሙሽራዋ ሳቀች። ምስሉ መጉላት ጀመረ። ፊቷ ላይ ግን አልቆመም፤ ጆሮዋን አለፈ፣ ትከሻዋን አለፈ፣ ከኋላዋ ወዳለው ዛፍ ተጠጋ። ብዥ አለ፤ ከዚያ ጠራ።

ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቢጫ ሻርፗን የአንድ ጎረምሳ አንገት ላይ ጠምጥማ፣ ጫፍና ጫፉን ይዛ ወደ ራሷ እየጎተተች፣ እሷው ራሷ ትስቃለች።