ዝም ያለው ዛጎል

አስጎብኚው ኮስነል ጀልባውን ወደ መንደሩ ሲያዞር፣ ፀጉሯ ገና ያልደረቀላት ቱሪስት ትልቁን የባሕር ዛጎል ከመቀመጫው ሥር አወጣችው። ከኤሊዎች ጋር ዋኝታለች፣ የባሕር ዳር ጥብስ በልታለች፤ ከካሪያኩ ደሴት ጀርባ ዛጎል መንፋትም ኮስነል ሲያስተምራት ነው ያረፈደው። «እዚህ አይነፋም፣ እመቤቴ» ብሎ እጁን ቢዘረጋም ቀደመችው። ድሮ ዓሣ አጥማጆች በሰላም ሲገቡ የሚነፉት፣ ሰውን ለዓሣ ግዢ የሚጠራው ያ ረጅም ድምፅ መንደሩን አዳረሰው።

እትዬ ኢስሜ ሳፋቸውን ታቅፈው ከቤት ወጡ። ልጃቸው ለዓሣ ወጥቶ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደሩ ዛጎል የነፋ አልነበረም፤ ማንም ሳይከለክል ሁሉም ለእሳቸው ሲል ተወው። አሸዋውን አቋርጠው ሲደርሱ ሳፋው ውስጥ የዓሣ ቢላዋና የታጠፈ ደረቅ የወንድ ሸሚዝ ይታይ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለ ኮስነል አንገቱን ደፍቶ። «ዓሣ የለም። የነፋችው እንግዳዋ ናት።»

«መች አጣሁት! አነፋፏ የታመመች ላም ጩኸት ነው የሚመስለው። እግሬ ነው አልሰማ ያለኝ።» ሸሚዙን አንስተው በብርድ ለምትንቀጠቀጠው ቱሪስት ሰጧት። ከዚያ ዛጎሉን ተቀብለው አፉን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። «መንፋቱን ለምን ተዋችሁት?»

«ለእርስዎ ብለን ነዋ።»

«ለእኔ!» ዛጎሉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። «እናንተ ዝም ካላችሁ ወዲህ እኮ፣ የማንም እናት ልጅ ከባሕር የተመለሰ አይመስለኝም።»