በጾም የተሠራ ዶሮ

«ለመሆኑ ልጅሽ መጾም የጀመረችው መቼ ነው?»

እትዬ ዘሪቱ ይህን የጠየቁኝ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ የድስቱን ክዳን በሁለት ጣታቸው አንሥተው እንደያዙ ነው። የዶሮ ወጡ እንፋሎት ፊታቸውን ሸፈነው። መልሱን አላውቅም ነበር። መጾሟንም አላውቅም ነበር።

«ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አልኩ።

«ዕድሜዋን መች ጠየቅሁሽ? ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ትጾማለች። ዘንድሮ አንድም ቀን አልገደፈችም።» ክዳኑን ለቀቁትና ድስቱ ላይ ጮኸ።

«እትዬ፣ ዛሬ ገና ነው ብዬ እኮ ነው።»

«የማን ገና? የኛ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።»

የምሠራበት ሆቴል የሰጠኝ የዕረፍት ቀን ይሄ ብቻ ነበር፣ ዲሴምበር ሃያ አምስት። ጃንዋሪ ሰባት እንደማንኛውም ቀን አንሶላ ሳጥብ እውላለሁ። ጾሙን ደግሞ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ሳለን ትቼዋለሁ። እዚያ የሰጡንን ነበር የምንበላው።

እትዬ ዘሪቱ የሟች ባሌ ታላቅ እኅት ናቸው። የአሜሪካ ወረቀታቸው ቀድሞ ሲወጣላቸው ልጄን ሕይወትን አብረዋቸው እንድትሄድ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔ አትላንታ እስክደርስ አራት ዓመት አለፈ። ከደረስኩም በኋላ እሳቸው ዘንድ ናት፤ እኔ እንግዳ ሆኜ እየሄድኩ ነው የማያት። ዛሬ ምሳ የጠራኋቸው ልጄን እንዲሰጡኝ ነው። በስልክ «መጥተን ቤትሽን እንየው፤ ልጅ የሚያኖር ከሆነ ትቀራለች» አሉኝ። ሻንጣዋን ይዘው መጥተዋል። ግን መኪናው ውስጥ ትተውት ነው የወጡት።

«ዘሪቱ፣ ተቀመጪ እንጂ፤ የሰው ቤት ነው» አሉ ባላቸው ጋሽ ኃይሉ።

«ተቀምጬ ምን ልብላ? የጾም ዶሮ?» ከቦርሳቸው አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጡና ለወጡ ከቀቀልኳቸው ዐሥራ ሁለት እንቁላሎች አጠገብ አስቀመጡት። «ይኸው፣ እንዲህ እንደምታደርጊ ስለማውቅ ሽሮዬን ይዤ መጥቻለሁ።»

ጋሽ ኃይሉ ዶሮውን አየት አደረጉና ሽሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ሕይወት እንጀራ ቆረሰችና ወደ ሽሮው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ!» እትዬ ዘሪቱ እጇን ያዟት። ቁራሹን ተቀብለው አሸተቱት። «ይሄ እንጀራ ቢጫ ነው። ስኳር ስኳር ይሸታል። በምንድን ነው የጋገርሽው?»

«ሁላችንም በምንጋግርበት ዱቄት ነው እትዬ።»

«እኔ በምጋግርበትማ አይደለም። ካርቶኑን አምጪው።»

አመጣሁት። ከሱቁ መደርደሪያ ያነሣሁት በቀለሙ ለይቼ ነው። ያንን የለመድነውን ዱቄት ይመስል ነበር።

«በይ አንብቢልን። ትምህርት ቤት ገባሁ ብለሽ የለ?»

እትዬ ዘሪቱ እንግሊዝኛ አያነቡም። ቤታቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡት ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ዛሬ ግን ኪሳቸውን ዳበሱና «መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት» አሉ።

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ፊደሎቹ ደቃቅ ናቸው። በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። የስንዴ ዱቄት። ስኳር። ጨው።

«ምነው፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?» አሉ እትዬ ዘሪቱ።

አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ፍሪጄ ውስጥ ካለው ጋሎን ላይ አየዋለሁ። ጨው ላይ ብጨርስ ማንም አያውቅም። ልጄ ትበላለች፣ ከበላች ታድራለች፣ ካደረች ትቀራለች። እንጀራዬን አንዴ ከቆረሱ ሌላ የሚወቅሱበት ነገር አይኖራቸውም።

«ወተት» አልኩ። «የወተት ዱቄት አለበት።»

እትዬ ዘሪቱ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ኃይሉ፣ ሰማህ? ወር ሙሉ የጾመችውን ልጅ በእንጀራ ልታስገድፋት ነበር! ይቺ ናት እናት? ይሄ ነው ልጅ የሚያኖር ቤት? ሕይወት፣ ተነሽ። ኮትሽን ልበሺ።»

ዘወር ስል ሕይወት ከትከሻዬ ጀርባ ቆማለች። መቼ እንደተነሣች አላየሁም። ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ነው።

«ወተት የሚለውን ቀድሜ አይቼው ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። መሳቢያ ስትከፍት ሰማሁ። ሁለት ማንኪያ ይዛ ተመለሰችና አንዱን ሽሮው ውስጥ፣ አንዱን እኔ ፊት አደረገችው። ቆማ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

«እልፍነሽ፣ ፍሪዘር አለሽ?» በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ ከአክስቷ የለመደችው ነው።

«አለኝ፤ ትንሽ ነው እንጂ።»

«ዶሮውን ፍሪዝ እናድርገው። ለገና እንበላዋለን።»

«ለማን ገና?» አሉ እትዬ ዘሪቱ።

«ለኛ ገና። ጃንዋሪ ሰቨን።»

«ያን ቀን ሥራ ነኝ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ።

«ሥራ ጨርሰሽ ትመጪ የለ?» አለችና ድስቱን በሁለት እጇ አነሣችው።

እትዬ ዘሪቱ ወንበሩን፣ ሶፋውን፣ የበሩን ጀርባ አዩ። ኮታቸውን እየፈለጉ ነበር። ለብሰውታል። «ሁለት ሳምንት እንኳ አትቆይም» አሉኝና በሩን ከፍተው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ አንድ ጊዜም አልዞሩም።

ጋሽ ኃይሉ ተከትለዋቸው ወረዱ። በመስኮት የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፍቱ፣ እትዬ ዘሪቱም ከፊት ወንበር ሆነው ወደ ፊት ብቻ ሲመለከቱ አየሁ። ጋሽ ኃይሉ እንደገና ደረጃውን ወጡ፣ ሻንጣውን በሩ ላይ አቆሙ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

እትዬ ዘሪቱና ጋሽ ኃይሉ ሄዱ። ሕይወት ቀረች፤ የሽሮውም ዕቃ።